በላንች ብሬኬ የላክሁት መርዶ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ለሰው ባወራው ይቀለኛል ብዬ ስንት ጊዜ ጀምሬ መሃል ላይ ወሬ ቀይሬያለሁ። ስልኬ ላይ "ሴንድ" የሚለውን ምልክት በነካሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል። ድሮ እንደ ጉድ ቴክስት አደርግ የነበርኩት ሴትዮ፣ አሁን "ደረስኩ" ብሎ ለመላክ እንኳ እጄ ይከብደኛል።

ሥራዬ ቶራንስ የምትባል ከተማ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ፕሮግራም እጽፋለሁ። የምኖረው ደግሞ ሚድ ሲቲ የሚባል ሰፈር፣ ሐበሻ ከሚበዛበት ከፌርፋክስ መንገድ ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ። ፌርፋክስ ላይ እድር አለን። እንደማንኛውም እድር ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል። እዚህ አገር ግን ከሁሉ በላይ የሚበዛበት ሥራ መርዶ መንገር ነው። የአንዱ አባል እናት ወይም አባት አገር ቤት ሲያርፍ ዘመዶቹ ለልጁ አይደውሉም፤ ለእድሩ ነው የሚደውሉት። እኛ ተጠራርተን፣ ማልደን ቤቱ እንሄዳለን። የሚይዘው እጅ፣ የሚደግፈው ትከሻ አጠገቡ ባለበት እንነግረዋለን። ሰው መርዶውን ብቻውን አይስማ፤ ሌላው ደንባችን ሁሉ ቢጣስ ይቺ አትጣስም።

ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስተባብሩ የኖሩት የእድሩ ጸሐፊ ጋሼ ተስፋዬ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ይነዱ ነበር። ጠርዙ ያለቀ ወፍራም መዝገብ አላቸው። ሰው ሲሞት መዝገቡን ይዘው ሬስቶራንት ጥግ ይቀመጡና ለእያንዳንዱ አባል በየተራ ይደውላሉ። መጀመሪያ "ብቻሽን ነሽ? አጠገብሽ ሰው አለ?" ይላሉ። ጉዳዩን የሚናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ መርዶ ለመጥራት ቀኑን ሙሉ ይፈጅባቸዋል።

እኔ ችኩሏ ይህን አይቼ ዝም እላለሁ?

"ጋሼ፣ ይሄን መዝገብ ዳታቤዝ ላድርግልዎት። አንዴ ስጫነው በአንድ ደቂቃ ለሁሉም ይደርሳል" አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ማን የማን እንደሆነ ያውቃል?"

"ከእኔም ከእርስዎም በላይ ያውቃል። ሰው ይረሳል፤ እሱ አይረሳም።"

"እንግዲህ አንቺ ካልሽ" አሉና መዝገቡን ሰጡኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ሥራውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት ሰንጠረዥ አዘጋጀሁ። አንደኛው የአባላት ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ። ሁለተኛው የቤተሰብ ነው፤ እያንዳንዱ አባል ሲመዘገብ ፎርሙ ላይ "የቅርብ ቤተሰቤ" ብሎ ማንን እንደጻፈ ይይዛል። መርዶ ሲመጣ ፕሮግራሙ ከአባላት ሰንጠረዥ የሁሉንም ስልክ ያወጣል። ሐዘንተኛውንና ሐዘንተኛው ቤተሰቤ ብሎ የጻፋቸውን ግን ይዘላል። እነሱ በአካል ነዋ የሚነገራቸው። ለቀረው አባል ቴክስት ይሄዳል።

ሞከርኩት፣ ሠራ። ሦስት መርዶ በሰላም ጠራንበት። "ሂሩት ባትኖር ምን ይውጠን ነበር!" ይሉኝ ጀመር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛል። ጋሼ ተስፋዬን ሳገኛቸው "ይኸው አረፉ አይደል?" እያልኩ እቀልድባቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ላንች ብሬክ ላይ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ሳንድዊች ስበላ ደወሉልኝ።

"ሂሩትዬ፣ የሰሎሞን እናት እትዬ ዘነበች አርፈዋል። አሁን ነው ከአዲስ አበባ የደወሉልኝ። ቅዳሜ ማለዳ ብናረዳው ምን ይመስልሻል?"

ሰሎሞን ፓልምስ የሚባል ሰፈር የሚኖር የቆየ አባላችን ነው፤ ሰላም ከመባባል ያለፈ ቅርበት የለንም።

"ኦኬ ጋሼ፣ ጥሩ ነው። አሁኑኑ ልላከው" አልኩና ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፈትኩ።

"ቆይ እስኪ፣ የሚዘለሉት እነማን እንደሆኑ ስማቸውን አንብቢልኝ።"

"ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ያውቀዋል እኮ! ብሬኬ ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ነው የቀረኝ።"

"ስም ማንበብ ምን ያህል ይፈጃል ልጄ?"

"አይስጉ አልኩዎት እኮ!"

"ኦኬ" አሉ። ጋሼ ተስፋዬ ሲከፋቸው ነው "ኦኬ" የሚሉት። ገብቶኛል፤ ግን አለፍኩት።

ጻፍኩ። "የአባላችን የሰሎሞን እናት ወይዘሮ ዘነበች አዲስ አበባ አርፈዋል። ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ፓልምስ በሚገኘው ቤቱ ተገናኝተን መርዶውን እንነግረዋለን። እስከዚያ በምስጢር ይያዝ።" ከሥሩ እንደተለመደው የጋሼ ተስፋዬ ስልክ አለበት። ተጫንኩት። ከዚያ የቀረችኝን ሳንድዊች ጨረስኩ። እሷን ሳስታውስ ነው ሁልጊዜ ራሴን የምጠላው፤ ተረጋግቼ እኮ ነው የጨረስኳት።

ዴስኬ ጋ ተመልሼ ሳልቀመጥ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ድምፃቸው ሌላ ሆኗል።

"ጽጌ ደወለችልኝ።"

"የቷ ጽጌ?"

"የሰሎሞን እህት ናታ! 'ጋሼ፣ ይቺ ዘነበች የእኔ እናት ናት?' አለችኝ። ምን ልበላት? ዋሽቼ ላምልጥ?"

ጽጌን አውቃታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት በዲቪ የመጣች፣ ሚድ ሲቲ እኔ ሰፈር የምትኖር፣ አውቶብስ ፌርማታ ላይ "እንዴት ዋልሽ" የምንባባል ልጅ ናት። ከሰሎሞን ጋር እናታቸው አንድ፣ አባታቸው ሁለት ነው፤ ሶ የአባት ስማቸው አይገናኝም። ስሟን በገዛ እጄ ዳታቤዝ ውስጥ አስገብቼ የሰሎሞን እህት መሆኗን አላውቅም ነበር።

"አንቺ ቶራንስ ነሽ አይደል?" አሉ ጋሼ። "እሷም እዚያው ናት። አንዲት አሮጊት ቤት ትሠራለች። ብቻዋን ናት፤ አድራሻውን ልንገርሽና ሂጂላት።"

ለአለቃዬ ቤተሰብ ሞቶብኛል ብዬ ወጣሁ። በመኪና ዐሥር ደቂቃ ነው። በዚያ ዐሥር ደቂቃ ራሴን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው፤ የሄደ ቴክስት አይመለስም።

በሩን የከፈተችልኝ ራሷ ጽጌ ናት። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፣ በእጇ ማንኪያ ይዛለች። ከኋላዋ ፈረንጇ አሮጊት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ሾርባቸውን ይጠብቃሉ።

"መጣሽ?" አለችኝ። ፊቷ ደርቋል። "አሁን ማልቀስ አልችልም፤ ይደነግጣሉ። የምትተካኝ ሰው የምትመጣው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው አሉኝ ቀጣሪዎቼ። ጥዬ ብወጣ ደግሞ ቢወድቁስ?"

ተመልሳ ተቀመጠችና ልታጎርሳቸው ስትል ሾርባው ፈሰሰ። ማንኪያውን ተቀበልኳት። "ሂጂ፣ እኔ አለሁ" አልኳት። ኩሽና ገብታ ቧንቧ ስትከፍት ሰማሁ። ውሃው እየጮኸ እንኳ ከሥሩ ድምፅዋ ይሰማኛል። "እማዬ፣ እማዬ" ትላለች፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማባት። አሮጊቷ "አሟታል እንዴ?" ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁኝ። "ደክሟት ነው" አልኳቸውና አጎረስኳቸው። አገር ሰብስበን የምናስለቅስ ሰዎች፣ የአንዲት ልጅ ልቅሶ በቧንቧ ድምፅ ተሸፍኖ ቀረ፤ ያስቀረሁት ደግሞ እኔ።

አሮጊቷ ሲያንቀላፉ ኩሽና ገባሁ። ትከሻዬ ላይ ወደቀችብኝ።

"ሦስቴ አነበብኩት ሂሩትዬ። ዘነበች የምትባል ስንት አለች አልኩ። ሰሎሞን የሚባልም ሞልቷል አልኩ። ፓልምስ የሚለው ላይ ስደርስ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው አሮጊቷ ደወላቸውን ደወሉ፤ ውሃ ፈልገው ነው። ተነሥቼ ውሃ ሰጠኋቸው።"

ጀርባዋን አሸሁላት።

"ግን ማነው የላከው?" አለች። "ሰው በሰው እናት መርዶ እንዲህ ይቀልዳል?"

አፌን ከፈትኩ። እምላለሁ፣ ከፍቼ ነበር። ልክ በዚያ ሰዓት የጋሼ ተስፋዬ ስልክ መጣ፤ እንድትሰማቸው ስፒከር ላይ አደረግኩት።

"ልጄ ጽጌ፣ እኔ ነኝ የላክሁት" አሉ። "እርጅና ነው። አይኔ ደክሞ አሳስቼ ነው። በእግዚአብሔር ይቅር በይኝ።"

ጽጌ ስልኩን ትኩር ብላ አይታ ፊቷን አዞረች። እኔም ዝም አልኩ። እጄ ጀርባዋ ላይ ነበር፤ እዚያው እንዳለ ዝም አልኩ።

ተተኪዋ ስትመጣ ይዣት ወጣሁ። ፍሪዌዩ ላይ ሳለን ሰሎሞን ደወለላት። መርዶውን ወደ አርብ ማለዳ አምጥተነው ነበር፤ እሱ ግን ገና ምንም አልሰማም። "ላንሣው ወይስ ልተወው?" ብላ አየችኝ። አነሣችው። "ሰላም ነኝ፤ አንተስ? ቅዳሜ ለእማዬ እንደውልላት? እሺ፣ አብረን እንደውላለን" አለችውና ዘጋችው። ያን የመሰለ ድምፅ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። እኔ እነዳለሁ፤ መንገዱ በእንባ አልታይ ብሎኛል።

አርብ ማለዳ ሃያ የምንሆን ሰዎች ሰሎሞን ቤት ገባን። ጋሼ ተስፋዬ ነገሩት። ሲወድቅ አራት ወንዶች ያዙት፤ ጮኸ፣ ሚስቱ ጮኸች፣ ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ጽጌ ግድግዳ ተደግፋ ታያቸዋለች። የሚያቅፋት ሰው ሞልቷል፤ እንባዋ ግን ኩሽና ውስጥ አልቋል።

ስህተቴን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ሰሎሞን ፎርሙን የሞላው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር። ያኔ ጽጌ አዲስ አበባ ናት፤ ሚስቱን ብቻ ጻፈ። ጽጌ ግን ስትመዘገብ "ወንድሜ ሰሎሞን" ብላ ጽፋለች። ሰንጠረዡ ውስጥ አለች! እዚያው ቁጭ ብላለች። እኔ ፕሮግራሙን የጠየቅሁት "ሰሎሞን ማንን ጻፈ?" ብዬ ነው። "ሰሎሞንንስ ማን ጻፈው?" ብዬ አልጠየቅሁም። ዳታቤዝ ደግሞ የጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልሰው። አንድ መስመር ብጨምር ይበቃ ነበር።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። ጋሼ አንብቢልኝ ያሉኝ የስም ዝርዝር አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ የሰሎሞን ሚስት ስም። ባነብላቸው "ጽጌስ?" ይሉኝ ነበር። ስምንት ደቂቃ ቀርቶኝ ሁለት ሴኮንድ ነበር የነፈግኋቸው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን የምለቅምበት እንኳ አልነበረኝም።

እየሮጥኩ ሄጄ ለጋሼ ነገርኳቸው። "ለምን እኔ ነኝ አሉ?" ብዬ አለቀስኩባቸው።

"ስህተቱን ተሸከምኩልሽ" አሉኝ። "ዝምታውን ግን አልችልልሽም። እሱን አንቺው አውርጂው።"

"እነግራታለሁ" አልኳቸው። መች ነገርኳት! ዛሬ ሐዘኗ አልበረደም፣ ነገ አርባው ይለፍ፣ ከነገ ወዲያ ሰው አለ እያልኩ ስድስት ወር አለፈ። በዚህ መሃል ጽጌና እኔ እህትማማች ሆንን። ወጥ ስትሠራ ታመጣልኛለች፤ ሥራ ስወጣ መንገዴ ላይ እወስዳታለሁ። ለሰው ሁሉ "ያን ቀን ሂሩት ባትደርስልኝ አብጄ ነበር" ትላለች። ጋሼ ተስፋዬን ግን ፌርፋክስ ላይ ስታገኛቸው በአንገቷ ብቻ ሰላም ብላቸው ታልፋለች። እሳቸውም ኮፍያቸውን አንሥተው ያልፋሉ። አጠገቧ ሆኜ ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ እግዚአብሔር ያውቃል። አንድ ጊዜ እንዲያውም "እኚህ ሰውዬ አሁንም ጸሐፊ ናቸው እንዴ?" አለችኝ። መኪና ፓርክ እያደረግኩ ነበር። ያልሰማሁ መሰልኩ።

ከዚያ እድሩ ፎርሙን ይቀይር ተባለ። አንድ ጥያቄ ያስጨመሩት ጋሼ ናቸው፤ "መርዶ ቢመጣብሽ ማን ቢነግርሽ ትመርጫለሽ?" የሚል። ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ቦታ ጨመርኩ። ፎርሞቹ ሲመለሱ ሌላ ልጅ አስገባቸው፤ የእኔ ሥራ ማረጋገጥ ነበር። አሁን ሁሉንም በሁለቱም በኩል ነው የምጠይቀው፤ ማን ማንን ጻፈ፣ ማንስ በማን ተጻፈ።

የራሴን ስም ሞከርኩ። "ሂሩትን ማን ጻፋት?" ብዬ ጠየቅሁ። ማንም ይጽፈኛል ብዬ አላሰብኩም። አንድ መስመር መጣ። ጽጌ። መርዶ ቢመጣብኝ ሂሩት ትንገረኝ ብላለች።

ወዲያው ለጋሼ ደወልኩ። "ቅዳሜ ጠዋት አብረውኝ ይምጡ" አልኳቸው። በስልክ ልነግራት ወይም ልጽፍላት አልፈለግኩም፤ አንዴ በጽሑፍ ያደረግኩባት ይበቃታል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ፒኮ መንገድ ላይ አውቶብሶቹ ገና ባዶ እየሄዱ፣ ሁለታችን በሯ ላይ ቆመን አንኳኳን። በምን ሰዓት፣ ከማን ጋር፣ የማን በር ላይ እንደቆምኩ ልብ አላልኩም። እንዲህ ናት የእኔ ጥንቃቄ! ጽጌ በሩን ከፈተች፤ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ሰዓቱን አሰበች። ጭንቅላቷን ይዛ "ማነው? ሰሎሞን ነው? ወንድሜ ነው?" ብላ ጮኸች።

"ማንም አልሞተም! ጽጌዬ፣ ማንም አልሞተም!" እያልኩ ያዝኳት። እዚያው ደጃፉ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ሳንድዊቿን ሳይቀር።

ሰምታ ስትጨርስ እኔን አላየችኝም። ወደ ጋሼ ዞረች። "እርስዎስ ለምን ዋሹኝ?"

"ያን ቀን ይዛሽ የነበረችው እሷ ናት" አሉ ጋሼ። "በዚያ ሰዓት የያዘሽን እጅ እንዴት ብዬ ላስለቅቅሽ?"

ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሡዋት። "ስድስት ወር አኮረፍኩዎት" እያለች ታለቅሳለች። ያን ጊዜ በሙሉ ድምፅዋ ነው ያለቀሰችው። እኔ በሩ ሥር ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ "ስሜን ከፎርምሽ ላይ ላጥፋው?" አልኳት።

"እስካስብበት አትንኪው" አለችኝ።

ይኸው ሦስት ወር ሆነ። ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ "ሂሩት" ትለኛለች እንጂ "ሂሩትዬ" ቀርቷል። ለጋሼ ተስፋዬ ግን በየሳምንቱ ምሳ ታደርስላቸዋለች፤ እሱን ሳይ ደስ ይለኛል። እኔም አሁን መርዶ ሲመጣ ከመላኬ በፊት ስሞቹን አንድ በአንድ አነብላቸዋለሁ። ብሬኬ ቢያልቅም ይለቅ።

አልፎ አልፎ ያንን ጥያቄ ለብቻዬ ደግሜ እጠይቀዋለሁ፤ ሂሩትን ማን ጻፋት? አሁንም አንድ መስመር ይመጣል። አላጠፋችውም። ሌላ ክፉ ቀን ከመጣ መዝገቡ እንደሚለው በሯን ማንኳኳት ያለብኝ እኔ ነኝ። ያን ቀን እንዳያመጣባት እጸልያለሁ፤ ካመጣውም ትከፍትልኝ እንደሆነ አላውቅም።